የተቀዳ ድምፄን መስማት ለምን ይከብደኛል?

ጥያቄ፦ ኦቲዝም እንዳለብኝ የታወቀው ካደግሁ በኋላ ነው። የተቀዳ ድምፄን ስሰማ ወይም ራሴን በቪዲዮ ሳይ እጅግ እጨነቃለሁ፤ በሥራ ቦታዬ ግን ስብሰባዎች ሁሉ ይቀረጻሉ። ምክንያቱ ኦቲዝሙ ነው?

መልስ፦ በከፊል ብቻ ነው። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ሲሆን፣ አጥንቱ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል አጉልቶ ስለሚያደርስ ቅጂው ቀጭንና ባዕድ ይመስለናል፤ ሆልዝማንና ሩዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለዚህ ድንጋጤ እ.ኤ.አ. በ1966 ጽፈዋል። ፊታችንንም ቢሆን በመስታወት የለመድነው ግራና ቀኙ ተገላብጦ ነው።

ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ሌላ ነገር ይደረባል። ብዙዎቹ የድምፃቸው ቃና፣ የእጃቸው እንቅስቃሴና ሰውን በዓይን የሚያዩበት ሁኔታ ሲታረም ስላደጉ፣ ቅጂውን የሚያዩት ስህተት እንደሚለቅም አራሚ ሆነው ነው፤ ሌላውን ለመምሰል የደከሙበት ሁሉ እንዳሰቡት ሳይሆን መቅረቱን ማየት (በእኔ ግምት ከድምፁ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው) ያማል።

በቪዲዮ ስብሰባ ጊዜ የራስዎን ምስል ከራስዎ ስክሪን ላይ ብቻ መደበቅ የሚቻልበት አማራጭ በብዙ መተግበሪያዎች ውስጥ አለ። ቅጂ እንዲያዳምጡ ሲጠየቁም በጽሑፍ የተገለበጠው እንዲሰጥዎ ኃላፊዎን ይጠይቁ። ለመልመድ ሲባል ራስን አስገድዶ ደጋግሞ ማየትን ግን አልመክርም።