ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቦታ ለገዛችው እህታችን፦ ውሃው የሚመጣው ከታች ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐይቁ ዳር 200 ካሬ ቦታ ገዝተሽ ቤት ጀምረሻል። ባለፈው ጥቅምት ግቢው ውሃ ቋጠረብሽ። አሁን ግንበኛሽ ዙሪያውን የአርማታ ግድግዳ እናቁም ብሎሻል። በዜና የምንሰማው የባሕር መጨመር የእኛንም ሐይቅ ነክቶት ይሆን ብለሽም ሰግተሻል።

ግድግዳውን አታቁሚ። እኔ አቁሜዋለሁ። 340,000 ብር ውሃ በላው። ይህን የምጽፍልሽ ያ ገንዘብ ከአንቺም ኪስ እንዳይወጣ ነው።

ስለ ባሕሩ ባጭሩ ልመልስልሽ። ባሕር የሚጨምረው ውሃው ሲሞቅ ስለሚሰፋና የየብስ በረዶ ቀልጦ ስለሚገባበት ነው። ጨረቃም በብዙ ቦታ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ዳር ያለው ከተማ ይጥለቀለቃል። የእኛ ሐይቅ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። የሚሞላበት ምክንያት ሌላ ነው። መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ጎርፍ ይወርድበታል። የሚጎድለው በዋናነት ፀሐይ ሲያተነውና ወደ መሬት ሲሰርግ ነው። ስለዚህ የገባው ከወጣው በበለጠ ዓመት ውሃው ወደ እኛ ይመጣል።

1. ቦታን በግንቦት አይተሽ አትመኝው። ዝናብ ሲያቆም ሐይቁም የሚቀንስ ይመስለናል። ተገላቢጦሽ ነው። መስከረም ላይ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ ይፈካል፣ ሐይቁ ግን ገና እየሞላ ነው። ከምሥራቅ ከፍታዎች የወረደው ውሃ ጨለለቃ ረግረግ ውስጥ ሲንፏቀቅ ቆይቶ ነው በጥቁር ውሃ የሚደርሰን። ከፍ የሚለው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። በእኛ ሰፈር መሸሽ ሲጀምር የማየው ታኅሣሥ ገብርኤል ሲቃረብ ነው። እኔ ቦታዬን ያየሁት በግንቦት 2009 ነበር። ደላላው «ውሃው ከዚህ 70 እርምጃ ይርቃል» አለኝ። በእግሬ ለካሁት፤ አልዋሸም። በጥቅምት 2013 ስለካው 12 እርምጃ ቀርቶት ነበር። መሬታችን ሜዳ ነው። ሐይቁ ወደ ላይ አንድ ክንድ ሲጨምር ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሄድ ያኔ ነው የገባኝ።

2. አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቂ። ካርታ ላይ የማይገኝ ነገር ያውቃሉ። በ1991 አካባቢ፣ ከኤልኒኖው ዝናብ በኋላ፣ ሐይቁ ሞልቶ ቤቶችን ያስለቀቀበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። እሑድ የምንንሸራሸርበት የሐይቁ ዳር ግድብም ለሽርሽር አልተሠራም፤ ጎርፍ እንዲመልስ ነው። እኔ ያንን ግድብ አይቼ ነው «ትንሹን ለራሴ ልሥራ» ያልኩት።

3. ወደ ግድግዳው ልምጣ። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ መሠረቱ 60 ሳንቲ፣ ብረቱም ሲሚንቶውም አልተሰሰተበትም። በነሐሴ 2012 አለቀ። ያ ክረምት ኃይለኛ ነበር። የኬንያዎቹ ባሪንጎና ናይቫሻ ሐይቆች ሰው ያፈናቀሉትም በዚያው ሰሞን ነው። ጥቅምት 9 ቀን ጠዋት ባለቤቴ ሻይ አፍልታ ልትቀዳ ስትል ቆመች። በሳሎኑ ሴራሚክ መገናኛ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ወጥቶ ነበር። በጨርቅ ጠረገችው። ተመልሶ ወጣ። ደግማ ጠረገች፣ አሁንም ወጣ። ውጭ ስወጣ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ ውሃም አልዘለለውም። ውሃው በሥሩ አልፎ ከቤታችን ወለል ሥር ገብቷል።

ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ማታ ዘነበ። ግቢ ውስጥ የወረደውን ዝናብ ያቆምኩት ግድግዳ አላስወጣ አለው። ጠዋት የግቢዬ ውሃ ከውጭው ከፍ ብሎ የልጄ ጫማ ሲንሳፈፍ አየሁ። የሽንት ቤቱ ቋት ሞላ። ቦቴ ጠርተን አስመጠጥነው፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ሞላ። ሁለተኛ ስናስመጥጠው ባዶው ቋት ከታች በውሃ ተገፍቶ አንድ ጎኑ ተነሣ፣ ቱቦውም ተሰበረ። ይህን ልብ በዪልኝ፤ ውሃ በከበበው ጊዜ ቋትሽን ሙሉ በሙሉ አታስመጥጪ። ቁም ሳጥናችን ከሥሩ አበጠ። ውሃው ከሸሸ በኋላም የግድግዳው ልስን ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው እያወጣ ሲረግፍ ከረመ።

ከዚያ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሰፈሩ የውሃ መውረጃ ቦይ ተዘግቶ ስለነበር እንዲጠረግ ለመጠየቅ ነው። 11 ቀን ተመላለስኩ። «ባለሙያው መስክ ወጥቷል።» «ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው።» «ሰኞ ና።» በመጨረሻ ኃላፊው ወረቀቴን ሳያነብ «ሐይቅ ዳር ስትገዛ ውሃ መሆኑን አላወቅክም?» አለኝ፣ ተሰልፎ በሚጠብቅ ሰው ፊት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የግንባታ ፈቃዱን ማኅተም አድርጎ የሰጠኝ፣ በየዓመቱ ግብር የሚቀበለኝ ማን ሆነና ነው? አንቺ ስትሄጂ በቃል አትናገሪ። ማመልከቻሽን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገሽ ቁጥሩን በራስሽ ኮፒ ላይ አስጽፊ። ሌላ ብሎኬት ሳትጨምሪ ደግሞ ቦታሽ ከሐይቁ ጥበቃ ወሰን ውጭ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቂ። እኔ ይህን ቀድሜ ባደርግ ኖሮ ሰውየው እንደዚያ ሊናገረኝ አይችልም ነበር።

አሁን ምን ሠራሁ? ግድግዳውን በአራት ቦታ አስበሳሁት፣ ውሃው እንዲወጣ። የቤቱን ወለል አስነሥቼ 80 ሳንቲ ከፍ አደረግሁት። ከታች ጠጠርና ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላይ ገረጋንቲ፣ ከዚያ ወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ አርማታ። ድንጋዩ ከታች የሆነበት ምክንያት አለው። ደቃቅ አፈርና ብሎኬት፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ውሃ ወደ ላይ ይስባሉ። በትልልቅ ድንጋይ መካከል ግን ውሃው ወደ ላይ የሚሳብበት መንገድ የለውም። ቋቱን ወደ መንገዱ፣ ወደ ከፍታው በኩል አዛወርኩት። በሐይቁ በኩል ያለውን ፊላ አልነካሁትም። ጎረቤቴ ለእይታ ብሎ አጭዶት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ አጥሩን እየቦረቦረ ወሰደበት።

ከዚያ ወዲህ ሳሎኔ ደረቅ ነው። ሁለት ጎረቤቶቼ ልኬቱን ወስደው ሠርተውበታል። በአጥሬ ምሰሶ ላይ በየኅዳሩ የውሃውን ከፍታ በቀለም አሰምራለሁ። እስካሁን 2013ን ያለፈ መስመር የለም፣ ግን አላለፈም ብዬ አልዘናጋም። ተራራው ተመንጥሮ አፈሩ ጨለለቃን እየሞላው ነው። ድሮ ውሃ ይይዝ የነበረው ረግረግ አሁን ያን ያህል አይዝልንም። እኔ ለዚህ ነው በሰፈር ስብሰባ ሁሉ ስለ ችግኝ የምጮኸው።

«የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ሁሉ እየሞላ ነው» የሚልሽንም ዝም ብለሽ አትመኝ። መተሐራ ያለው በሰቃ ለዓመታት ሰፍቶ መንገድና ሐዲድ አስቸግሯል። አቢጃታ ደግሞ ዳሩ እየራቀ ሄዷል። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው፤ የአንቺ ጉዳይ የግቢሽ ከርሰ ምድር ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ሐይቁ ገና ሳይሸሽ፣ ቤቱ በሚያርፍበት መካከል አንድ ሜትር ተኩል ጉድጓድ አስቆፍሪ። ሌሊቱን ክፍት ተዪው፤ ልጆች እንዳይገቡበት ሳንቃ አድርጊበት። በማግሥቱ ውሃው ከመሬት ስንት ሳንቲ ላይ እንደቆመ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ምን ያህል ሙሌት እንደሚያስፈልግሽ አብረን እናሰላለን። ግንበኛውን ግን ዛሬውኑ ደውለሽ አስቁሚው።