«የአዳማ ሙቀት ነው ይሉኛል»

ጥያቄ፦ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እስካለፈው ወር ግፊቴ 118/74 ነበር፤ በዚህኛው ክትትል 142/90 ሆነ። እግሬም ያብጣል። ጎረቤቶቼ የአዳማ ሙቀት ነው ይሉኛል። የሚያመኝ ነገር ስለሌለ ቀጣዩን ቀጠሮ ልጠብቅ?

መልስ፦ እባክዎ አይጠብቁ። ዛሬ ካልተመቸዎት ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሱ። ሙቀት እግር ያሳብጣል፤ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ግን ግፊትን ቢቀንስ እንጂ አይጨምርም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ አደገኛ በሽታ) መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ስለሚጀምር «ደህና ነኝ» ማለት አያስተማምንም።

እርግጥ አንድ ልኬት ሊሳሳት ይችላል። ከባጃጅ ወርደው ወዲያው ከተለኩ፣ እያወሩ ወይም እግርዎን አነባብረው ከተቀመጡ፣ ሽንት ይዘው ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ለክንድዎ ከጠበበም እንዲሁ ነው፤ ሰፊውን ይጠይቁ። ጀርባዎን ደግፈው 5 ደቂቃ ይረፉ፤ እግርዎ መሬት ይርገጥ፤ ጨርቁ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይጠምጠም፤ ክንድዎም በልብዎ ትይዩ ይደገፍ። አሁንም ከፍ ካለ 4 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል። 160/110 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት አይጠበቅም፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተረጋግጦ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።

ሽንትዎም ለፕሮቲን ይመርመር። ታጥበው፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ትተው መካከለኛውን ይቀበሉ፤ የማህፀን ፈሳሽ ከተቀላቀለበት የሌለ ፕሮቲን ያሳያል። የክትትል ካርድዎን አይርሱ። 142 አስደንጋጭ የሚሆነው ከ118 አጠገብ ሲነበብ ነው፤ ሪፈር ቢባሉም የሚቀበልዎ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው ካርዱን ነው።

ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን ሥር ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ከወለዱ በኋላም ግፊትዎን ይለኩ፤ የዚህ በሽታ መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላም ይመጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፤ በ4ኛው ቀን 2.9 ሆነ። አማቴ ወተቱ አልበቃውም ብለው አብሽ እንስጠው ይላሉ።

መልስ፦ አብሽም፣ ውሃም፣ ቅቤም አይስጡት። እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል። የቀነሰው 200 ግራም የልደት ክብደቱን 10 በመቶ አይሞላም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ያህል መቀነስ የተለመደ ነው። በ2 ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት መመለስ አለበት። ሲመዘን ራቁቱን ይሁን፣ በዚያው ሚዛን፣ ሚዛኑም ዜሮ ላይ መሆኑ ታይቶ፤ ፎጣና ዳይፐር ብቻቸውን ቁጥሩን ያዛባሉ። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ያጥቡት። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ጊዜ ከሸና ወተቱ እየደረሰው ነው። መጥባት ካቃተው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።