ሦስተኛው ቺንጋ ለምን ተበጠሰ?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው በርበሬና ሽሮ የሚያሽግ አነስተኛ ድርጅት አላቸው። በማሸጊያ ማሽናቸው ላይ ከጊርቦክሱ ተነሥቶ ፕላስቲኩን የሚስበውን ዘንግ የሚያዞረው ጥርሳም የፖሊዩሬታን ቺንጋ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሽቶባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥርሳቸው ተላጠ፤ ሦስተኛው ተበጠሰ። «ሻጩ ኤቲ10 የሚባለው ይበረታል ይለኛል። እሱን ልግዛ? ወይስ አዲሱን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቄ ልወጥረው?» ይላሉ።

ልኬቱንም አብረው ልከዋል። ሞተሩ 0.37 ኪሎ ዋት፣ የጊርቦክሱ መውጫ በደቂቃ 60 ዙር፣ ሁለቱም ፑሊዎች (ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ጥርሳም ክቦች) ባለ 20 ጥርስ፣ ቺንጋው ቲ10 የሚባለው ዓይነት፣ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት 40 ሴንቲ ሜትር። ቺንጋው በሜትር ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ በሙቀት የተበየደ ነው። አብዛኛው ሰው «ቺንጋ እየተበጠሰብኝ ተቸገርኩ» ብሎ ብቻ ስለሚጽፍልኝ፣ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ኤቲ10ን አሁን ባሉት ፑሊዎች ላይ አይግዙ፤ አጥብቀውም አይወጥሩ።

ኤቲ10 እና ቲ10 ዘመዳሞች ናቸው። ከአንዱ ጥርስ መሃል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መሃል በሁለቱም 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሻጩን ያሳሳተው ይህ ይመስለኛል። የኤቲ10 ጥርስ ግን ወፈር ያለ ነው። በቲ10 ፑሊ ጎድጓዳ ውስጥ እስከ ታች ስለማይገባ ከላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ በቀናት ውስጥም ይላጣል። በተቃራኒው ቲ10 ቺንጋ በኤቲ10 ፑሊ ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ይላወሳል። ማሽኑ በቆመና በተነሣ ቁጥር የከረጢቱ ቁመት ከፍና ዝቅ ማለት የጀመረባችሁ ካላችሁ ይህንን ጠርጥሩ።

ስለዚህ በእጅዎ ያለው ፑሊ በእርግጥ የ10 ሚሊ ሜትር ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ባለ 20 ጥርስ ከሆነ የውጭ ዲያሜትሩን በካሊፐር ይለኩ። 61.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ካገኙ የ10 ሚሊ ሜትር ነው፤ 59.9 ከሆነ ደግሞ ኤል የሚባለው የኢንች ዓይነት ነው፣ የጥርሱ ርቀት 9.525 ነው። ቺንጋውን ሲለኩም አንድ ጥርስ ብቻ አይለኩ። ከአንዱ ጥርስ ጀምረው ሃያ ጥርስ ይቁጠሩ፤ 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ የ10፣ 190.5 ከሆነ ኤል ነው። በትንንሾቹ ላይ ስሕተቱ ይብሳል። ቲ5 እና ኤክስኤል የሚባሉት በአንድ ጥርስ የሚለያዩት በ0.08 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። አንዱ ቺንጋ በሌላው ፑሊ ላይ ተገፍቶ ይገባል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ የጥርሱ አንድ ጎን ብቻ ይበላል።

የእርስዎ ፑሊ ቲ10 ነው ብዬ ልቀጥል። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚዘልለው ስሌት እዚህ ላይ ይመጣል። ዘንጉ በዝግታ ስለሚዞር ቺንጋው የማይደክም ይመስላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በአንድ ዓይነት ኃይል ዙሩ በቀነሰ መጠን ጉተታው ይጨምራል። ዘንጉን የሚያዞረውን ጉልበት ለማግኘት ቋሚውን ቁጥር 9550ን በ0.37 አባዝተው ለ60 ሲያካፍሉ ወደ 59 ኒውተን ሜትር ይመጣል። (በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን 1400 ዙር አይጠቀሙ። ቺንጋው የተቀመጠው በጊርቦክሱ መውጫ ላይ ነው።) የባለ 20 ጥርሱ ፑሊ የስሌት ዲያሜትር 63.66 ሚሊ ሜትር ነው፤ 59ኙን በዚህ ዲያሜትር ግማሽ፣ በ0.0318 ሜትር፣ ሲያካፍሉት ቺንጋውን የሚጎትተው ኃይል 1850 ኒውተን ይሆናል። ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸክም ማለት ነው፣ ያውም ባለ ሁለት ጣት ስፋት በሌለው ቺንጋ ላይ።

ፑሊዎቹ እኩል ስለሆኑ በአንድ ጊዜ የሚነክሱት ጥርሶች ግማሾቹ፣ ማለትም አሥር ናቸው። እያንዳንዱ 185 ኒውተን ይሸከማል። ቲ10 በዝግተኛ ዙር በአንድ ጥርስ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚችለው ወደ 50 ኒውተን ነው፤ የእርስዎ 25 ሚሊ ሜትር ቺንጋ ታዲያ 125 ላይ ያበቃል። ጥርሱ የተላጠው ለዚህ ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ ቆሞ የሚነሣ ማሽን መሆኑን ደግሞ ገና አልቆጠርንም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሰፊ ቺንጋ ይፈልጋል። እኔ ትልቅ ፑሊ እመርጣለሁ። ሁለቱንም ፑሊዎች ባለ 32 ጥርስ ቢያደርጓቸው የዘንጉ ፍጥነት አይለወጥም፤ ጉተታው ግን ከ1850 ወደ 1156 ኒውተን ይወርዳል። አሥራ ስድስት ጥርስ ቢነክስም በስሌት የሚያዘው እስከ አሥራ ሁለት ነውና በጥርስ 96 ኒውተን ይደርሳል። ለኩሽኔታዎቹም እፎይታ ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ቲ10 አቅሙ ከሸክሙ 1.3 እጥፍ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ማሽን አይበቃኝም። በ32 ሚሊ ሜትር ስፋት 1.6 እጥፍ ያልፋል፤ ይህንን እቀበላለሁ። ፑሊውን ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ግን ያን ጊዜ ኤቲ10ን ይዘዙ፤ በ25 ሚሊ ሜትር ወደ 1.9 እጥፍ ይሰጥዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ያቀረብኳቸውን ቁጥሮች ከአቅራቢው ሠንጠረዥ ጋር ያመሳክሩ፤ አምራቾች ይለያያሉ። አዲሱ ፑሊ 100 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን መከለያው ውስጥ መግባቱንም ይለኩ።

እዚህ አገር በፍሬሳ (ብረት በሚፈለፍለው ማሽን) የሚያስቆርጡ ከሆነ ቲ10 ይሻላል፤ የጥርሱ ቅርጽ ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን ለባለ ፍሬሳው ይንገሩልኝ። የባለ 32 ጥርሱ የስሌት ዲያሜትር 101.86 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዚህ ዲያሜትር መስመር የሚያልፈው ግን በቺንጋው ውስጥ ባለው የብረት ክር ላይ እንጂ በፑሊው ጫፍ ላይ አይደለም። ፑሊው መቶርነት (በቶርኖ ማሽን መከርከም) ያለበት በ100 ሚሊ ሜትር ነው። በ101.86 ከቶረነው የጥርሱ ርቀት 10.18 ይሆናል፤ ቺንጋው ግማሽ ዙር ሲጠመጠም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሳሳታል። አብረቅርቆ የተሠራ፣ የማይረባ ፑሊ ብዙ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቺንጋ የተበጠሰው በመበየጃው ላይ እንደሆነ ሳላየው እገምታለሁ። ሲበየድ የሚጣበቀው ፖሊዩሬታኑ ብቻ ነው፤ ብረቱ ክር በመጋጠሚያው ላይ እንደተቆረጠ ይቀራል። ስለዚህ የተበየደ ቺንጋ የመጎተት አቅሙን ከሙሉው ግማሽ ያህል አድርገው ያስሉት። ለማጓጓዣ መስመር ይበቃል፤ ለኃይል ማስተላለፊያ ግን ከፋብሪካው ክብ ሆኖ የወጣ፣ መጋጠሚያ የሌለው ይጠይቁ። በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀትና በ32 ጥርስ የሚያስፈልግዎት 1120 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 112 ጥርስ ነው። ትክክለኛው ካልተገኘ በቅርብ ያለውን ወስደው ሞተሩን ያንሸራትቱ፤ በርዝመት 10 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ሞተሩ 5 ይርቃል።

የብረት ክር ያለው ቺንጋ እንደ ጎማው ስለማይለጠጥ አጥብቆ መወጠር ኩሽኔታ ከመብላት በቀር ትርፍ የለውም። ለዚህ ርዝመት የመነሻ ውጥረቱ ከጉተታው ግማሽ ያህል ይበቃል። ማሽኑ ሲሠራ የላላው ጎን ካላወዛወዘ ተስማምቷል።

ቺንጋው በእጅዎ ሲገባ አጥፈው አይያዙት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አዲስ ቺንጋ አጣጥፌ በቦርሳ ከትቼ ሞጆ ሄጃለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በታጠፈበት ቦታ በቢላዋ እንደተቆረጠ ሆኖ ተበጠሰ። ውስጡ ያለው የብረት ክር አንዴ ከተቆለመመ አይመለስም። ሻጩ በምስማር ሰቅሎ ወይም በሽቦ ጠፍሮ ካቆየው ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።