«ባቡሩ ያመልጠኛል» ሲል ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አሁን 78 ዓመቱ ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ መሆኑን ከነገረን ሁለት ዓመት ሆነ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነሣና ጫማውን አጥልቆ «ባቡሩ ያመልጠኛል» ይላል። «አባባ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ» ስለው ይቆጣል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ሲረጋጋ የሚያወራውን ደብተር ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ግን ሐዲዱ ላይ ተኝታ ባቡር ያስቆመችው ግመል አንድ ቀን አይሻ ጣቢያ ትሆናለች፣ በማግስቱ አዲጋላ ጣቢያ። ወንድሜ «የተዘባረቀ ወሬ መጻፍ ምን ያደርጋል? እውነቱን ንገሪው» ይለኛል። ማንን ልስማ?
የባቡረኛው ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ መጻፉን አታቁሚ።

እኔም እዚህ ሐረር እናቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ሸዋ በር ቅመም ስትሸጥ የኖረች ሴት ነበረች። ሲመሽ ነጠላዋን ትደርብና «ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ትላለች። እኔም እንደ ወንድምሽ እውነቱን እነግራት ነበር፤ «እማዬ፣ አያቴ ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው»። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትደቃለች። በማግስቱ ረስታዋለች፤ እኔም እንደገና እነግራታለሁ። ሰው የእናቱን መርዶ ስንት ጊዜ ይሰማል? እኔ ቢያንስ አሥር ጊዜ አርድቻታለሁ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ማታ መልስ ሲያልቅብኝ «እናትሽ ምን ሠርታ ነው የምትጠብቅሽ?» አልኳት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «የማሽላ ገንፎ» አለች፤ «ወንድሞቼ ቅቤውን እንዳይጨርሱብኝ በማንኪያዋ እጃቸውን መታ መታ ታደርግልኛለች።» ይህንን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። የልጄን የሒሳብ ደብተር ስቤ ጻፍኩት። በማግስቱ ማታ ነጠላዋን ስታነሣ አነበብኩላት፤ «ማነው የነገረሽ?» ብላ ሳቀች። አያቴ በሕይወት አሉ አላልኳትም፤ ስለ እሳቸው ጠየቅኋት እንጂ።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው አዲስ ነገር የምንይዝበትን የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው አባትሽ ቁርስ መብላታቸውን ረስተው ግመሏን የማይረሷት። አን ባስቲንግ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ጋር ስትሠራ «አስታውሱ» ማለቱን ትታ፣ ፎቶ እያሳየች ታሪክ እንዲፈጥሩ ትጠይቃቸው ነበር። ያሉትን ሁሉ እንዳለ ጽፋ መልሳ ታነብላቸዋለች። ስለዚህ ግመሏ አይሻም ትተኛ አዲጋላ፣ ሁለቱንም ከነቀኑ ጻፊው። የቱ ልክ እንደሆነ አትመርምሪ።

«ታስታውሳለህ?» የሚለውን ቃል ግን ከአፍሽ አውጪው። ለእሳቸው ፈተና ነው፤ ሲወድቁ ያውቁታል። ይልቅ የድሮ ኮፍያቸው ካለ እጃቸው ላይ አድርጊና «ዛሬ ስንት ፉርጎ ነው የጎተታችሁት?» በያቸው። የድሮ ባቡረኛ ፈረንሳይኛ ይቀላቅላል፤ «ሼፍ ደ ጋር» ካሉ እንዳሉት ጻፊ፣ «የጣቢያ ኃላፊ» ብለሽ አታርሚ። ድምፃቸውንም በስልክሽ ቅጂ፤ እኔ ይህን አላደረግሁም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌሊት ሲነሡ መብራት አብሪና ጎናቸው ተቀመጪ። «የዛሬው ጉዞ እስከ የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ሻይ አቅርቢ፣ ከደብተሩ አንድ ገጽ አንብቢላቸው። የውጭው በር ግን ይቆለፍ። ደግሞ መርሳታቸው ወይም ቁጣቸው በድንገት ከባሰ «በሽታው ነው» ብለሽ አትቀመጪ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያቸው።

ከደብተሩ ጀርባ ለራስሽ አንድ ሁለት ገጽ አስቀሪ። የተናደድሽበትንም፣ የደከመሽንም እዚያ ጻፊው፤ ለማንም አይነበብም። እኔ ጀርባው ላይ የጻፍኩት ከፊቱ ይበዛ ነበር።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡር ወሬ ያልሰማ የከዚራ ልጅ የለም። የአባትሽን ግመል የጻፈ ግን ከአንቺ ሌላ የለም። ወንድምሽን አንድ ማታ አባትሽ ጎን አስቀምጪውና እስክሪብቶውን ለእሱ ስጪው።