የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ቼሻየር» የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ በመናገሻ የሚገኘው የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ማእከል «ቼሻየር» የተባለው በማን ስም ነው? አንድ ወዳጄ «በቦምብ ጣይ አብራሪ ስም ነው» ቢለኝ ማመን አቃተኝ።

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ነው። ሌናርድ ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1917 የተወለዱ፣ በኦክስፎርድ ሕግ ያጠኑ እንግሊዛዊ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቶ ያህል የድብደባ በረራዎችን ፈጽመው የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸልመዋል። 617ኛ ስኳድሮን የተባለውን የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ክፍል ለመምራት ሲሉም ማዕረጋቸው ዝቅ እንዲል ፈቅደዋል።

ለእኔ ከኒሻኑ ይልቅ የሊሞዡ ሌሊት ይበልጥብኛል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944፣ ጀርመን በያዘቻት ፈረንሳይ፣ ሊሞዥ ከተማ የሚገኝ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ እንዲመቱ ሲታዘዙ፣ ጣራውን ሊነኩ እስኪቃረቡ ዝቅ ብለው ሦስት ጊዜ አለፉበት፤ በሥራ ላይ የነበሩት ፈረንሳውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ማስጠንቀቂያው ገብቷቸው ሮጠው እንዲወጡ ነበር። ዒላማውን የሚያመለክተውን እሳት የጣሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 በጃፓኗ ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል በታዛቢነት በሌላ አውሮፕላን ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ከአየር ኃይል ተሰናበቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ጠያቂ ያልነበረውን፣ በካንሰር ሊሞት የተቃረበ አንድ ሰው ወደ ቤታቸው ወስደው ራሳቸው አስታመሙት። በስማቸው የሚጠሩት የአካል ጉዳተኞች መርጃ ማእከላት፣ የቼሻየር ቤቶች፣ ጅማሬ ይኸው ነው። የመናገሻው ማእከል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ይቀበል ነበር።

ቼሻየር እ.ኤ.አ. በ1992 ያረፉት ጡንቻን በሚያዝል የነርቭ በሽታ ነው።