መልኳ የድሮ፣ ጉልበቷ የዛሬ

ጥያቄ፦ የ1964 ሞዴል ፎልስ አለኝ፤ 1200 ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት። ወደ ጎሃ ዳገት ስወጣ ታቃስታለች። መልኳ ሳይነካ 1600 ሞተር ባስገባላት ምን ምን ይቀየራል?
(አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ይገባል፤ ግን በቀጥታ አይገጥምም። የእርስዎ ፍላይዊል (ከሞተሩ ጀርባ የሚሽከረከረው ጥርሳም ክብ ብረት) 109 ጥርስ ነው። የ1600ው ባለ 12 ቮልት ፍላይዊል ግን 130 ጥርስ ያለውና ሰፋ ያለ ስለሆነ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ ትንሽ መፈጨት አለበት። ሳይፈጩ በቡሎን አስገድዶ ማሰር ፍላይዊሉን ከቤቱ ጋር ያፋጨዋል። የፍሪሲዮኑ ዲስክም ከ180 ወደ 200 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ለአዲሱ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሺንግ ይቀየራል።

ከኤሌክትሪኩ ዲናሞ፣ ሬጉሌተር፣ ቦቢና፣ የፍሬቻ ረሌና አምፖሎች በሙሉ ወደ 12 ይዞራሉ። ሽቦው ልባሱ ካልተሰነጠቀ ይቆይ፤ ለ6 ቮልት የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ስለሆነ 12 ላይ ጭነቱ ይቀልለታል። በፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መክፈቻና መዝጊያ) ፋንታ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ያስገቡ፤ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከውጪ አይታይም።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳስቶ ስለሚገኝ ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀራል፦ ፋብሪካው 50 የፈረስ ጉልበት ያለው 1600 እዚህ 40 ገደማ ነው የሚሰጥዎ። ያም ሆኖ የ1200ው 34 ወደ 27 የሚወርድ በመሆኑ ልዩነቱን ዳገቱ ላይ ያውቁታል። ካርቡሬተሩን በዝቅተኛ ቦታ ልክ ከተዉት ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ዋናውን ዤት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ያድርጉ።

የሳሳ አየር ማቀዝቀዝም ይቸግረዋል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። በአሮጌው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚጋርድ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ማቀዝቀዣው ለብቻው ሳጥን የተሠራለትን ዓይነት ይፈልጉ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ጎሚኒ አንድም ሳይጎድል ይግጠም፤ ክፍተት ካለ የጋለው አየር ከታች ተመልሶ ይሳባል። ቫልቩን በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ያስተካክሉ፤ ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፣ አይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ የፊት ዲስክ ፍሬን አስገጥሜ ነበር። ትንሽ እንደነዳሁ ጎማዎቹ ይግላሉ፣ መኪናዋም ትያዛለች። ምክንያቱ ምን ይሆን?
(አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ የድሮውን የፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል) ሳይቀይሩት የቀሩ ይመስለናል። የታምቡር ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ለታምቡር ደግ ነው፣ ዲስክን ግን አይለቀውም። ለማረጋገጥ መኪናዋ ስትያዝ ጎማውን በክሪክ አንስተው የማናፈሻውን (ከፍሬን መስመሩ አየር የሚወጣበትን) ቡሎን ይፍቱ። ጎማው ወዲያው ከተለቀቀ ግፊቱ ታስሮ ነበር፤ ካልተለቀቀ ካሊፐሩ (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ዝጓል። ለዲስክ የተሠራ ባለ ሁለት መስመር ማስተር ያስገቡ፤ በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከልም 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ይህ ሳይስተካከል ሊማሊሞን እንዳይወርዱ።