የአዲስ ምንጣፍ ሽታና ሰርተፊኬቱ፦ ጥያቄና መልስ

የምንጣፍ ቁራጭ ሳጥን ውስጥ እየከተትኩ የሚለቀውን ጋዝ ስለካ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰርተፊኬት የምለውም ምንጣፉ ይህን ፈተና ማለፉን የሚያሳየውን ነው። «ስለዚህ ነገር ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍ የሚመጣው ሽታ ምንድን ነው? መርዝ ነው?

ብዙ ጊዜ ፎር-ፌኒልሳይክሎሄክሲን የሚባል ነገር ነው። ክሩን ከጀርባው ጋር የሚያያይዘው ላቴክስ የሚባል ጎማ መሰል ነገር ሲሠራ ሳይፈለግ አብሮ ይፈጠራል። ከቢሊዮን የአየር ክፍል አንዱን እንኳ ሳይሞላ አፍንጫችን ያውቀዋል። ስለዚህ በጣም ሸተተ ማለት በጣም በዛ ማለት አይደለም። በተቃራኒው ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ጎጂ ጋዝ ከሚፈቀደው መጠን በላይ ሆኖም ላይሸት ይችላል። እኔ በሥራዬ አፍንጫዬን አምኜው አላውቅም።

ጥያቄ፦ ግን እንዴት ነው የምትለኩት?

ናሙናው ከፋብሪካ እንደወጣ አየር በማያስገባ ማሸጊያ ተጠቅልሎ ይመጣል። ከጥቅሉ ውስጠኛ ክፍል ነው የሚቆረጠው፤ ዳር ዳሩ ቀድሞ ተንፍሷል። ጀርባውና ጠርዙ ይታሸግና ፊቱ ብቻ ክፍት ሆኖ የማይዝግ ብረት ሳጥን ውስጥ ይገባል። በ23 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ንጹህ አየር ያልፍበታል።

የሚወጣው አየር በሁለት ዓይነት ቱቦ ይሳባል። አንደኛው ቴናክስ የሚባል ዱቄት ይዟል፤ በኋላ ሲሞቅ ያፈነውን ይተፋል፣ ማሽኑም እያንዳንዱን ውህድ ለይቶ ይቆጥራል። ሁለተኛው ፎርማልዴሃይድንና ዘመዶቹን ይይዛል።

ከዚያ ሒሳብ ነው። የአውሮፓው መለኪያ 12 ካሬ ወለል ያለው፣ 30 ሜትር ኩብ የሆነ ክፍል ያስባል። በየሰዓቱ የአየሩ ግማሽ፣ ማለትም 15 ሜትር ኩብ፣ ይቀየራል። ምንጣፉ ከአንድ ካሬ በሰዓት 50 ማይክሮግራም ቢለቅ፣ ከ12 ካሬው 600 ይወጣል። ለ15 ሲካፈል በሜትር ኩብ 40 ማይክሮግራም። መስኮቱ ተዘግቶ የሚገባው አየር በግማሽ ከቀነሰ ግን ያው ምንጣፍ 80 ይሰጣል። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ቁጥር የዚያ ሐሳባዊ ክፍል ቁጥር ነው፤ የእናንተ መኝታ ቤት አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዱ ሰርተፊኬት 14 ቀን፣ ሌላው 28 ቀን ይላል። የቱ ነው ጥብቁ?

የካሊፎርኒያው ዘዴ ናሙናውን 10 ቀን ንጹህ አየር ላይ ያቆየዋል፣ ከዚያ 96 ሰዓት ሳጥን ውስጥ። 14 የሚባለው ይኸው ነው። የፎርማልዴሃይድ ጣሪያው በሜትር ኩብ 9 ማይክሮግራም ነው። ግሪን ሌብል ፕላስ የሚባለው የአሜሪካኖቹ የምንጣፍ ምልክትም በዚሁ ዘዴ ላይ የቆመ ነው። ጀርመኖች በ3ኛውና በ28ኛው ቀን ይለካሉ፤ የተናኝ ውህዶች (ቪኦሲ፣ ወደ አየር የሚተኑ ኬሚካሎች) ድምር በሜትር ኩብ በ3ኛው ቀን ከ10 ሚሊግራም፣ በ28ኛው ከ1 ሚሊግራም አይበልጥም። የፈረንሳዩ ከኤ ፕላስ እስከ ሲ ደረጃ ይሰጣል።

ቀኑም፣ የሚታሰበው ክፍልም ስለሚለያይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ዋጋ የለውም። እኔ ከድምሩ ይልቅ የውህዶቹን ዝርዝር ነው የማየው።

ጥያቄ፦ ኮላው ላይ «ዜሮ ቪኦሲ» ተጽፏል። ይበቃል አይደል?

አይበቃም። እሱ በቆርቆሮው ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ ነው የሚናገረው። ወደ ክፍሉ ስንት እንደሚወጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀስ ብለው የሚተኑት አንዳንዶቹ ከቆጠራው ያመልጣሉ። ለማጣበቂያ ኢሚኮድ የሚባል ምልክት አለ፤ ኢሲ-1 የሚለውን ፈልጉ።

ደግሞ ኮንክሪቱ በደንብ ይድረቅ! እርጥብ ኮንክሪት ላይ የተለጠፈ ኮላ ይፈርስና 2-ኤቲልሄክሳኖል የሚባል ሽታ ይለቃል። ፈተናውን ያለፈ ምንጣፍ በዚህ ምክንያት ተነቅሎ ሲጣል አይቻለሁ። ምስኪን፣ ያለ ጥፋቱ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ከየት ተጀመረ?

የሚገርመው፣ ከአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከራሱ ዋና መሥሪያ ቤት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ያለው ቢሮ አዲስ ምንጣፍ ተነጠፈለትና ሠራተኞቹ አመመን አሉ። ከዚያ ድርጅቱና አምራቾቹ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ በ1992 የአምራቾቹ ማኅበር ግሪን ሌብልን አወጣ።

ጥያቄ፦ የሱፍ ምንጣፍ ከሆነ ሰርተፊኬት አያስፈልግም፣ ልክ ነኝ?

ሱፉ እንዲያውም ፎርማልዴሃይድን ከአየር ይመጥጣል። ጀርባው ግን ያው ላቴክስ ሊሆን ይችላል፣ ለብልም መድኃኒት ይነከራል። ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ አስም አለበት። ፈተናውን ያለፈ ብገዛ ልረጋጋ?

እህቴ፣ ፈተናው የሚያየው ጋዝ ነው። አቧራና የአቧራ ተባይ አያይም። እድፍ እንዳይዝ የሚቀቡትን ፍሎሪን ያለባቸውን ኬሚካሎችም በዚህ አታገኚያቸውም፤ በአየር ሳይሆን በአቧራ ላይ ተጣብቀው ነው የሚሄዱት። ለእሱ ክፍል ባዶ ወለል ይሻላል ባይ ነኝ። የግድ ከሆነ ልጁ ሌላ ክፍል እያደረ ሁለት ሦስት ቀን መስኮት ከፍተሽ አናፍሺው። ሽቶ አትንፊበት፣ ሌላ ኬሚካል መጨመር ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩን ምን ልጠይቀው?

ምልክቱን ሳይሆን ሙሉ ሪፖርቱን። ናሙናው መቼ ተወሰደ፣ በስንተኛው ቀን ተለካ፣ ለምን ዓይነት ክፍል ተሰላ? ከሁሉ በፊት የጀርባው ዓይነት ከምትገዛው ጋር አንድ መሆኑን እይ። አንዴ አንድ ደንበኛ ኩራት በኩራት ሆኖ ሪፖርት አሳየኝ፤ የምንጣፉ ስም አንድ ነው፣ ጀርባው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ተቀይሯል።